አንዲት መርከብ፣ አንድ አዛዥ፣ ሁለት ውል፦ የስካርቦሮ ታሪክ



የዛሬው ገለጻዬ ስለ አንዲት የእንጨት መርከብ ነው። ስሟ ስካርቦሮ ይባላል። በጦርነት ስሟ የገነነ መርከብ አይደለችም፤ ንጉሥም ሆነ ዝነኛ አሳሽ አልተሳፈረባትም። ከሰሜን እንግሊዝ ጠረፍ የተነሣች ተራ የንግድ መርከብ ነበረች። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን የግዞተኞች ማጓጓዣ፣ የሻይ ቅጠል ጫኝና ሳታስበው የደሴት አሳሽ ሆናለች፤ ከዚያም እንደ ገና የግዞተኞች ማጓጓዣ ሆነች። እኔን የሳበኝ የሥራዋ መለዋወጥ ብቻ አይደለም። ይህች መርከብ በአንድ ካፒቴን እየተመራች፣ ወደ አንድ ወደብ፣ ከአንድ አገር የተነሡ እስረኞችን ሁለት ጊዜ አመላልሳለች። በመጀመሪያው ጉዞ ከግዞተኞቿ አንድም አልሞተባትም። በሁለተኛው ግን ከአራት ሰዎች አንድ በላይ ሞተዋል። ታሪክ እንዲህ ያለ ንጽጽር አዘጋጅቶ የሚሰጠን በጥቂቱ ነው፤ ስለዚህ ጠለቅ ብለን ልናየው ይገባል። በዚህ ገለጻ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ስካርቦሮ የተሠራችው በ1782 በእንግሊዝ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ በምትገኘው በስካርቦሮ ከተማ ሲሆን ስሟንም ከትውልድ ቦታዋ ወሰደች። ሦስት ምሰሶና ሁለት ወለል ያላት፣ ከ400 ቶን በላይ የምትይዝ፣ ርዝመቷ 34 ሜትር ያህል፣ ወርዷም 9 ሜትር የሚሆን መርከብ ነበረች። ርዝመቷ ከእግር ኳስ ሜዳ አንድ ሦስተኛውን አይበልጥም ማለት ነው። ይህን ልኬት በልቡናችሁ ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልገዋለን። የዚያ ጠረፍ መርከቦች ሆዳቸው ሰፊ፣ አካላቸው ጠንካራ፣ ፍጥነታቸው መካከለኛ ነበር፤ የተሠሩትም ከሰልና ጣውላ፣ እህልና በርሜል ለመጫን ነው። ካፒቴን ጄምስ ኩክ የአውስትራሊያን ምሥራቃዊ ጠረፍ የቀየሰባት ኢንዴቨርም በጎረቤት ከተማ በዊትቢ ለከሰል ጭነት የተሠራች መርከብ ነበረች። ዕቃ ለመጫን የተሠራ ሆድ ሰው ሲጫንበት ምን እንደሚሆን የሚወሰነው በጫኙ ነው።

መንግሥት እንዲህ ያለ መርከብ ለምን አስፈለገው? ብሪታንያ እስከ 1775 ድረስ ወንጀለኞቿን ወደ ሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቿ ታግዝ ነበር። በዚያ ዘመን ወደ 50,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ መንገድ ተልከዋል። አሠራሩን ልብ በሉ፤ የሚያጓጉዘው ነጋዴ ግዞተኛው በቀረው የፍርድ ዘመን በሚሠራው ሥራ ላይ መብት ያገኝና ያንን መብት አሜሪካ ሲደርስ ለገበሬ ይሸጠዋል። በመንገድ የሞተ ግዞተኛ ለነጋዴው ኪሳራ ነበር። የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ሲጀመር ይህ በር ተዘጋ። ወህኒ ቤቶች ሞሉ፤ ከ1776 ጀምሮም መንግሥት በቴምዝ ወንዝና በደቡብ ወደቦች ላይ ያረጁ መርከቦችን አስቁሞ ተንሳፋፊ እስር ቤት አደረጋቸው። ለጊዜው ተብሎ የተጀመረው ነገር አሥር ዓመት ቆየ፤ በሽታና ሞትም በዛ። በ1786 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሲድኒ ኩክ በጎበኘው በሩቁ የኒው ሳውዝ ዌልስ ጠረፍ የግዞተኞች ሰፈር እንዲቋቋም ውሳኔውን አስተላለፈ። ግዞት የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ አምባንና ጥቂት ታላላቅ ሰዎችን ያስታውሳል፤ የእነርሱ ግዞት ግን በብዛት የሚከናወን፣ ጨርቅ የሰረቀውንና በግ የነዳውን ጭምር የሚያጠቃልል አስተዳደራዊ ሥራ ነበር።

በታሪክ የመጀመሪያው መርከብ ጓድ የሚባለው 11 መርከቦችን የያዘ ነው፤ ሁለቱ የባሕር ኃይል መርከቦች፣ ሦስቱ የስንቅ ጫኞች፣ ስድስቱ የግዞተኞች ማጓጓዣዎች ነበሩ። ስካርቦሮ ከስድስቱ በስፋት ሁለተኛዋ ስትሆን 208 ወንዶች ተመደቡባት። ካፒቴኗ በ1748 በራምስጌት የተወለደው ጆን ማርሻል ነበር። ማጓጓዙን በተቋራጭነት የያዘው ዊልያም ሪቻርድስ የተባለ የለንደን ነጋዴ ነው። የኪራዩ ክፍያ በቶንና በወር ይታሰብ ስለ ነበር መርከቦቹ በየወደቡ ቢዘገዩ ባለንብረቶቹን ብዙ አይጎዳም። የጓዱ አዛዥና የወደፊቱ አገረ ገዥ አርተር ፊሊፕም በመርከብ ላይ አብሮ የሚጓዝ፣ የሚያዝዝና የሚቆጣ ሰው ነበር። ገና ወደብ ሳይለቁ ስለ ልብስ፣ ስለ መድኃኒትና ስለ ምግብ ለሹማምንቱ ተደጋጋሚ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ዋናው ሐኪም ጆን ኋይትም ለእስረኞቹ ትኩስ ሥጋና አትክልት እንዲሰጣቸው አስፈቀደ። ይህ በጊዜው ቅንጦት የመሰላቸው ብዙ ነበሩ።

ጓዱ ግንቦት 13 ቀን 1787 ከፖርትስማውዝ ተነሣ። ሳምንት ሳይሞላ በስካርቦሮ ላይ ግዞተኞች መርከቧን ለመንጠቅ አሢረዋል የሚል ወሬ ከመካከላቸው አንዱ አደረሰ። መሪዎች ናቸው የተባሉት ሁለቱ ወደ አዛዡ መርከብ ተወስደው እያንዳንዳቸው 24 ጅራፍ ተገረፉና ወደ ሌላ መርከብ ተዛወሩ። ጉዳዩ በዚህ አበቃ። በዚያው ሰሞን ፊሊፕ መኮንኖቹ እንደ ሁኔታው እያዩ የእግር ብረት እንዲያስፈቱ ፈቅዶ ነበር፤ የሤራው ወሬ ይህን አሠራር አላስቀለበሰውም። የኋላውን ለመረዳት ይህች ትንሽ ነጥብ ትጠቅመናለች።

መርከቦቹ በቴኔሪፍ ሳምንት ያህል፣ በሪዮ ዴ ጃኔይሮና በኬፕ ታውን ደግሞ በእያንዳንዱ አንድ ወር ያህል ቆዩ። በሪዮ ብርቱካን እንደ ልብ ይገኝ ስለ ነበር እስረኞቹ ጭምር በላቸው። የስከርቪ በሽታ፣ ማለትም ትኩስ ምግብ በማጣት የሚመጣው ድድ የሚያደማና አካል የሚያዝል ደዌ፣ በረጅም ጉዞ ዋነኛው ገዳይ በሆነበት ዘመን ብርቱካኑ ከመድኃኒት ሣጥን ሁሉ ይበልጥ ነበር። ስካርቦሮ ፈጣን ከተባሉት ሦስት ማጓጓዣዎች አንዷ ሆና ከፊተኛው ቡድን ጋር በመጓዝ ጥር 19 ቀን 1788 ቦታኒ ቤይ ደረሰች፤ ከሳምንት በኋላም ሁሉም ወደ ፖርት ጃክሰን፣ ዛሬ ሲድኒ ወደምትባለው ሥፍራ ተዛወሩ። ከስምንት ወር በላይ በፈጀው ጉዞ ከ700 በላይ ከሆኑት ግዞተኞች የሞቱት ከ50 በታች ናቸው። ከስካርቦሮ ግዞተኞች መካከል የሞተ አልነበረም። ከእነርሱ አንዱ ጄምስ ሩዝ የተባለ የኮርንዎል ገበሬ ነበር፤ በፓራማታ መሬት ተሰጥቶት በ1791 መጀመሪያ ከመንግሥት ጎተራ ስንቅ መውሰድ ያቆመ የመጀመሪያው ሰፋሪ ሆነ። በሕይወት የደረሰ ሰው ለአዲሱ ሰፈር ምን እንደሚሆን ይህ ሰው ያሳየናል።

አሁን ወደ ንግዱ እንመለስ። እስረኞቿን ያራገፈች መርከብ በዓለም ዳርቻ ባዶዋን ቆማለች፤ ባለንብረቶቿ ደግሞ ባዶ ሆድ ይዛ እንድትመለስ አይፈልጉም። መፍትሔው ሻይ ነበር። የብሪታንያ ምክር ቤት በ1784 ከመቶ እጅ በላይ የነበረውን የሻይ ቀረጥ ወደ 12.5 በመቶ ዝቅ ሲያደርገው የሻይ ፍላጎት በአንድ ጊዜ አሻቀበ። ከካንቶን ሻይ የማምጣት ብቸኛ መብት የነበረው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያም መርከብ አጠረው። ስለዚህ ከግዞተኛ ማጓጓዣዎቹ ሦስቱ፣ ስካርቦሮ፣ ሻርሎትና ሌዲ ፔንሪን፣ ሲመለሱ በቻይና በኩል ዞረው ለኩባንያው ሻይ እንዲጭኑ ውል ተያዘላቸው። ሲሄዱ እስረኛ፣ ሲመለሱ ሻይ ማለት ነው። የአውስትራሊያ የቅኝ ግዛት ታሪክ ሲጻፍ ይህ የመልስ ጭነት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው በግርጌ ማስታወሻ ነው፤ በእኔ አስተያየት ግን የጉዞው ሂሳብ የሚዘጋው በእርሱ ነበር።

ስካርቦሮ ግንቦት 6 ቀን 1788 ፖርት ጃክሰንን ለቀቀች፤ በሎርድ ሃው ደሴት ላይም ከቶማስ ጊልበርት መርከብ ከሻርሎት ጋር ተገናኘች። ሁለቱ ካፒቴኖች ማንም የብሪታንያ መርከበኛ በውል በማያውቀው መስመር ሰሜናዊውን አቅጣጫ ይዘው ወደ ካንቶን አመሩ። በሰኔ ወር ዝቅ ያሉ፣ ኮኮናት የለበሱ፣ ከውኃው ብዙም ከፍ የማይሉ የደሴት ሰንሰለቶችን አንድ በአንድ እያለፉ መዘገቡ። ከደሴቶቹ ታንኳዎች እየቀዘፉ ቀረቧቸው፤ መርከበኞቹ ግን በስከርቪ የደከሙ፣ ቸኩለውም የሚጓዙ ስለ ነበሩ ብዙ አልቆዩም። በመስከረም ቻይና ደረሱ፤ ሻዩን ጭነውም በ1789 ክረምት እንግሊዝ ገቡ።

ደሴቶቹ የጊልበርትና የማርሻል ደሴቶች ተባሉ፤ ስሙን በ1820ዎቹ አካባቢ በካርታ ላይ ያጸናው ሩሲያዊው የባሕር ኃይል ሰው ክሩዘንሽተርን ነው። እዚህ ላይ «አገኙ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ እንጠቀም። የማርሻል ደሴቶች ሰዎች ከቀርከሃ መሰል ቀጫጭን እንጨትና ከቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚሠሩት ገበታ የባሕሩን ማዕበል አቅጣጫ እያጠኑ ከደሴት ወደ ደሴት የሚጓዙ የተዋጣላቸው ቀዛፊዎች ነበሩ፤ የስፔን መርከቦችም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አልፈውባቸዋል። የስም ነገር ከተነሣ ግን አንድ የቋንቋ ጉዳይ ላንሣ። የጊልበርት ደሴቶች በ1979 ነጻ ሲወጡ አዲሱ አገር ኪሪባቲ ተባለ። ብዙ ሰው ይህን ጥንታዊ የአገሬው ስም ያደርገዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በአገሬው ቋንቋ አጻጻፍ ከቲ ፊደል ጋር የሚመጣው ድምፅ «ስ» ተብሎ ይነበባል፤ «ጊልበርትስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስም በአገሬው አንደበት ተለዝቦ «ኪሪባስ» ሆነ። ሻይ ሊጭን ይቸኩል የነበረ የእስረኛ መርከብ አዛዥ ስም እንዲህ ባለ መንገድ የአንድ ሉዓላዊ አገር መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ማርሻል ለንደን ሲደርስ መንግሥት ሁለተኛ ጓድ ለመላክ እየተዘጋጀ ነበር። በዚህ ጊዜ ዝቅ ያለ ዋጋ አቅርቦ ውሉን የወሰደው ካምደን፣ ካልቨርትና ኪንግ የተባለ የለንደን ድርጅት ነው። የድርጅቱ ዋና ሙያ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ወደ ካሪቢያን ማጓጓዝ ነበር። ውሉ ለልብስ፣ ለምግብና ለማጓጓዣ በአንድ ግዞተኛ 17 ፓውንድ ከ7 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ይሰጣል። የሚከፈለውም ለተሳፈረ ሰው ነው፤ በሕይወት ይውረድ አይውረድ ውሉ አይጠይቅም። ሦስት መርከቦች ቀረቡ፤ ኔፕቱን፣ ሰርፕራይዝና ስካርቦሮ። የስካርቦሮ አዛዥ አሁንም ጆን ማርሻል ነበር።

ያንን ልኬት አሁን አስታውሱልኝ። ርዝመቷ 34 ሜትር፣ ወርዷ 9 ሜትር የሆነችው መርከብ በመጀመሪያው ጉዞ 208 ግዞተኞችን ይዛ ነበር። በሁለተኛው ከ250 በላይ ተጫኑባት፤ በዚያ ላይ የአዲሱ የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ጦር ወታደሮችና መኮንኖች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ሌተናንት ጆን ማካርተር ከሚስቱ ከኤልዛቤትና ከሕፃን ልጁ ጋር በኔፕቱን ተሳፍሮ የነበረ ሲሆን ከመርከቡ አዛዥ ጋር ተጣልቶ በየካቲት 1790 በባሕር መካከል ወደ ስካርቦሮ ተዛወረ። ማካርተር ኋላ የአውስትራሊያ የሱፍ ንግድ አባት ከሚባሉት አንዱ ሆኗል። ቅሬታ ያለው መኮንን መርከብ መቀየር ይችላል፤ ከወለሉ ሥር በብረት የታሰረው ሰው ግን ይህ ዕድል አልነበረውም።

ጓዱ ጥር 19 ቀን 1790 የእንግሊዝን ውኃ ለቀቀ። በስካርቦሮ ላይ እንደ ገና የሤራ ወሬ ተሰማ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጅራፍ ለጥቂቶች፣ ጥብቅ እስራት ደግሞ ለሁሉም ሆነ። እስረኞቹ ከመርከቡ ወለል ሥር ተዘግተው፣ ንጹሕ አየር እምብዛም ሳያገኙ ቀሩ። በሰርፕራይዝ ላይ የነበረው ካፒቴን ዊልያም ሂል ስለዚህ ጉዞ ለንደን ላለ ወዳጁ የጻፈው ደብዳቤ ከምንጮቻችን ሁሉ የከበደ ነው። የእግር ብረቱ በባሪያ ንግድ ላይ የሚሠራበት ዓይነት መሆኑን ይገልጻል፤ ሁለቱን ቁርጭምጭሚት የሚያያይዘው አጭር ዘንግ ከአንድ ስንዝር ብዙም የማይበልጥ ስለ ሆነ መርከቡ ሲናወጥ ታሳሪው እግሩን አንሥቶ ራሱን መደገፍ አይችልም። ማዕበል ሲመታቸውም ውኃው ከታች ገብቶ እስከ ወገብ ይደርስ እንደ ነበረ ጽፏል።

መንገዱ በአንድ ወደብ ብቻ ይቋረጣል፤ ኬፕ ታውን፣ ለሁለት ሳምንት ያህል። ጉዞው ከመጀመሪያው በሦስት ወር ገደማ ያጠረ ነበር። ይህ በወረቀት ላይ ትልቅ ብልጫ ይመስላል፤ መዘግየት ግን ትኩስ ምግብ ማለት እንደ ነበር ከሪዮው ብርቱካን አይተናል። በመንግሥት ስም ጓዱን እንዲቆጣጠር የተሾመው የባሕር ኃይል መኮንን ሌተናንት ሻፕኮት በኔፕቱን ላይ ተሳፍሮ ነበር፤ ይህ ነው የሚባል እርምጃ ሳይወስድ እርሱም በመንገድ ሞተ።

በሰኔ 1790 መጨረሻ ሦስቱ መርከቦች ፖርት ጃክሰን ሲገቡ ሰፈሩ ራሱ በረሃብ ላይ ነበር። ከ1,000 በላይ ከነበሩት ግዞተኞች ሩብ ያህሉ በባሕር ላይ አልቀዋል። በስካርቦሮ የሞቱት 70 ያህል ናቸው። ቄሱ ሪቻርድ ጆንሰን በሰርፕራይዝ ሆድ ውስጥ ገብቶ ያየውን ለወዳጁ ጽፏል፤ ከፊሉ ራቁቱን፣ ከፊሉ መቀመጥም መዞርም ተስኖት የተኛ ሰው ነበር። ወደ ስካርቦሮም ሄዶ ወደ ታች ልውረድ ሲል ካፒቴኑ እንዳይወርድ መከረው። ስለ ማርሻል ባሕርይ ብዙ ምስክርነት የለንም፤ ይህች አንዲት ምክር ግን ከወለሉ ሥር ያለውን ያውቅ እንደ ነበር ታስረዳለች። ብዙዎቹ ወደ ላይ ሲወጡ ንጹሕ አየር እንደ ነካቸው ወደቁ፤ አንዳንዶቹ እዚያው ሞቱ። መራመድ ያልቻሉት እንደ በርሜል በገመድ ወረዱ። 500 ያህል ሕሙማን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ድንኳኖች ሲገቡ ከእነርሱ ከመቶ በላይ የሚሆኑት በቀጣዮቹ ሳምንታት ተቀበሩ። የመርከቦቹ አዛዦች ደግሞ የተረፈ ስንቅ አውጥተው ለተራበው ሰፈር በውድ ዋጋ ሸጡ። ስንቁ ለምን እንደ ተረፈ ለመገመት አይከብድም።

ካፒቴን ሂል በደብዳቤው ከዚህ ሁሉ አንድ ጠንካራ ክርክር ያወጣል። የባሪያ ንግድ፣ ይላል፣ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምሕረት አለው፤ የባሪያ መርከብ አዛዥ ጭነቱን በሕይወት ማድረሱ ይጠቅመዋልና። እዚህ ግን የከለከሉት ምግብ ሁሉ በባዕድ ገበያ ይሸጣል፤ ሰውየው ቀድሞ በሞተ ቁጥር የእርሱ ድርሻ ለረጅም ጊዜ በእጃቸው ይቀራል። ስለ ባሪያ ንግድ የተናገረውን በቁጣ የተጻፈ ማነጻጸሪያ አድርጌ እንጂ እንደ ፍርድ አልወስደውም፤ በአትላንቲክ ላይ ስንቱ እንዳለቀ እናውቃለን። ስለ ውሉ ያለው ግን ትክክል ነው፤ የድሮው የአሜሪካ ግዞት ሥርዓት እንኳ ያልነበረበትን ጉድለት ነው የጠቆመው።

እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ፣ መፍትሔው በለንደን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ የነበረ መሆኑ ነው። ምክር ቤቱ በ1788 የዶልበን ሕግ በመባል የሚታወቀውን ሲያወጣ በባሪያ መርከቦች ላይ በቶን ስንት ሰው ሊጫን እንደሚችል ወስኖ ነበር። የሟቹ ቁጥር ከመቶ ሁለት ካልበለጠም ለአዛዡ 100፣ ለሐኪሙ 50 ፓውንድ ጉርሻ እንዲሰጥ ደንግጓል። የጭነት ወሰንና በውጤት የሚከፈል ጉርሻ ማለት ነው። ከዓመት በኋላ ያው መንግሥት የገዛ ዜጎቹን ከዚያው ንግድ ውስጥ ላለ ድርጅት ሲያስረክብ ሁለቱንም ረሳ። ወይም ርካሹን ዋጋ አየና ሌላውን ማንበብ ተወ። በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጣችሁ የምታውቁ ባልደረቦቼ ይህ ነገር እንግዳ እንደማይሆንባችሁ እገምታለሁ።

ይህ ታሪክ በኢኮኖሚክስ መማሪያ ክፍሎች ዘንድ የታወቀ ምሳሌ ነው። የሚነገረውም እንዲህ ነው፦ ለተሳፈረ ሰው ሲከፈል ሰው ሞተ፤ ለወረደ ሰው ሲከፈል ሰው ዳነ። ተማሪዎቼ ይህን ይዘው ሲመጡ ሁልጊዜ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለ፦ በመጀመሪያው ጓድስ የተከፈለው በሕይወት ለወረደው ነበርን? አልነበረም። ኪራዩ በቶንና በወር ይታሰብ ነበር፤ ለሕይወት የተመደበ ጉርሻም አልነበረም። የነበረው በየቀኑ የሚያይ፣ የማዘዝ ሥልጣን ያለውና ተቋራጩን የማይፈራ አዛዥ ነው። በሁለተኛው ጓድ ደግሞ የጎደለው ሁለቱም ነው፤ ውሉ ክፉ ነበር፣ ተቆጣጣሪውም ዝም አለ። ማርሻል በመጀመሪያው ጉዞ ቅዱስ፣ በሁለተኛው ርጉም አልሆነም፤ ያው ሰው ነው። የተለወጠው በላዩ የቆመው ነው።

ቀጥሎ የሆነውም ይህን ያጠናክራል። የሁለተኛው ጓድ ወሬ ለንደን ሳይደርስ ለሦስተኛው ጓድ ከዚያው ድርጅት ጋር ውል ተፈርሞ ነበር፤ ባሕሩ ሰፊ፣ ደብዳቤው አዝጋሚ ነበርና። አገረ ገዥ ፊሊፕ በደብዳቤው ጥፋቱ ተቋራጮቹ ሰው አጨናንቀው በመጫናቸውና ከልክ በላይ በማሰራቸው የመጣ መሆኑን በግልጽ ጽፏል። የኔፕቱኑ አዛዥ ዶናልድ ትሬይልና ምክትሉ በ1792 በለንደን ኦልድ ቤይሊ ለፍርድ ቀርበው ነጻ ተባሉ። በስካርቦሮ ስለ ሞቱት ማንም አልተከሰሰም። ከዚያ በኋላ በሕይወት ለወረደ ግዞተኛ ተጨማሪ ክፍያ የሚሰጥ አሠራር መጣ። ይሁንና በ1799 ሂልስቦሮ የተባለች መርከብ ጉርሻው እያለላት ከተሳፈሩት 300 ሰዎች 95ቱን በመንገድ ቀብራ ደረሰች፤ የእስር ቤት ተስቦ ከተንሳፋፊው ወህኒ አብሮ ተሳፍሮ ነበርና። ገንዘብ ብቻ ተስቦን አይመልስም።

ዘላቂው ለውጥ የመጣው በ1814 ሦስት መርከቦች ብዙ ሰው ገድለው ሲድኒ ከደረሱ በኋላ ነው። አገረ ገዥው ማኳሪ ምክንያቱን እንዲያጣራ ያዘዘው ሐኪም ዊልያም ሬድፈርን ስለ አየር፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ልብስና ስለ ምግብ ዝርዝር ሪፖርት አቀረበ። በእያንዳንዱ መርከብ ላይ ለካፒቴኑ ያልተገዛና ለመንግሥት የሚጠየቅ ሐኪም እንዲሾምም አሳሰበ። ከ1815 ጀምሮ ይህ በሥራ ላይ ዋለ፤ የሞቱም መጠን በግልጽ ቀነሰ። ሬድፈርን በ1797 በኖር የባሕር ኃይል ዐመፅ ተሳትፎ የተፈረደበትና እርሱ ራሱ በግዞት መርከብ የመጣ ሰው ነበር። ከወለሉ ሥር ያለውን አየር በአፍንጫው ያውቀዋል።

ስካርቦሮስ? በነሐሴ 1790 እስረኞቿን ካራገፈችበት ወደብ ተነሥታ እንደ ቀድሞው ወደ ካንቶን አቀናች፤ ሻይ ጫነች፤ ተመለሰች። ሕሙማኑ ገና በድንኳን ውስጥ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግዞተኛ አልጫነችም፤ በተራ ንግድ ላይ ዓመታት ቆይታ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዕድሜዋ አበቃ።

 ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ረድፍ እንጀምር።